ልጁ መጻፍ ሲያቅተው ከየት እንጀምር? የአእምሮው መንገድ ወይስ የማኅበረሰቡ?

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ የመጣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነበር የሚማረው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ባና (ከበግ ጸጉር የሚሸመነው ወፍራም ልብስ) እንዴት እንደሚሠራ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። በጉ ሲሸለት፣ ጸጉሩ ሲታጠብ፣ እናቱ ማታ ማታ እሳት ዳር ስትፈትል፣ ከዚያ ሸማኔው ጋ ሲሄድ። ዝናብ የመታው ባና ደግሞ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚከብድ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚያዳምጡት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ «የምታውቁትን አንድ ሥራ በጽሑፍ ግለጹ» አልኳቸው። ከእሱ ያገኘሁት ይህን ነው፦ «ባና ከበግ ጸጉር ይሠራል። ባና ይሞቃል። ባና በጣም ጥሩ ነው።»

በቃ። ሦስት ዓረፍተ ነገር።

ያኔ ያደረግሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በቀይ እስክሪብቶ «አስፋፋ» ብዬ 4 ከ10 ሰጠሁት። እንዴት እንደሚያስፋፋ ግን አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ደብተሩን ለሁለት ባልደረቦቼ አሳየኋቸው። አንደኛዋ «ልጁ ተጨናንቆ ነው» አለች። «ስለ ፊደሉ፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ሐሳቡ በአንዴ እያሰበ እንዴት ይጻፍ?» ሌላው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ለማን እንደሚጽፍ ነግረሽዋል? አንቺ ባና ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለምን ብሎ ያብራራልሽ?»

ሁለቱ ሳያውቁት በአጻጻፍ ጥናት ውስጥ ለዓመታት ሲከራከሩ የኖሩ ሁለት ወገኖችን ወክለው ነበር። አንዱ ወገን መጻፍን ጭንቅላት ውስጥ እንደሚካሄድ ሥራ ያየዋል። ሌላው ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገው ነገር አድርጎ ያየዋል። ይህን የምጽፈው ለመምህራን፣ ማታ ልጆቻቸውን ለሚያስጠኑ ወላጆችና የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ለተጨነቁ ተማሪዎች ነው። የትኛውን መንገድ መቼ እንደሚይዙ እንዲመርጡ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭንቅላት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ድሮ ጽሑፍ የሚታየው ካለቀ በኋላ ነበር። መምህሩ የተጻፈውን ይቀበላል፣ ያርማል፣ ይመልሳል። ሲጻፍ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። በ1971 ጃኔት ኤሚግ የምትባል አሜሪካዊት 8 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አጠናች። እየጻፉ ሳለ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገች። ልጆቹ መማሪያ መጻሕፍት በሚሉት ቀጥ ያለ ቅደም ተከተል አልነበረም የሚጽፉት።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ ሙሉ ንድፈ ሐሳባቸውን አሳተሙ። ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነበር የሚሠሩት። እነሱም ሰዎች ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲጽፉ አድርገው፣ የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ አስፍረው መረመሩ። ያዩት ሦስት ዋና ሥራ ነው። ማቀድ፣ ሐሳቡን ወደ ቃል ማምጣት፣ የተጻፈውን መመልከትና መከለስ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ «አሁን የቱን ልሥራ?» ብሎ የሚመራ አንድ የውስጥ ተቆጣጣሪ አለ።

ዋናው ነገር ግን ሦስቱ ተራ ጠብቀው አለመምጣታቸው ነው። ጸሐፊው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እየጻፈ አንደኛውን ይቀይራል። አርሞ ሳይጨርስ እንደገና ያቅዳል። ማቀድ ራሱ አስተዋጽኦ ማውጣት ብቻ አይደለም። ሐሳብ ማፍለቅ፣ ማደራጀትና ግብ ማበጀት አለበት። ግቡም በመሐል ይለወጣል። ጽፎ ሲያበቃ «ለካ ልል የፈለግሁት ይህን ነበር» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እሱ አልተሳሳተም። እየጻፈ አስቧል።

ሄይስ በ1996 ይህን ንድፍ ሲያሻሽለው ሁለት ነገር ጎላ አድርጎ አስገባ። አንዱ የመጻፍ ፍላጎትና ስሜት ነው። ሌላው የሥራ ትውስታ የሚባለው ነው። ይህ ለቅጽበት በአእምሯችን የምንይዘው ነገር ሲሆን ቦታው ጠባብ ነው። እንደ ትንሽ ገበታ አስቡት። ሦስት ሰሃን ከያዘ አራተኛው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን ልጆች በደንብ የሚነካው ይህ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ልጅ «ፀሐይ» ለማለት ሲነሳ ስንት ጥያቄ እንዳለበት ቁጠሩ። «ፀ» ነው ወይስ «ጸ»? «ሐ» ነው ወይስ «ሀ» ወይስ «ኀ»? ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ግን ይለያያል። መምህሩ በየፊደሉ ነጥብ የሚቀንስ ከሆነ ገበታው በፊደል ይሞላል። ሐሳቡ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል። የእኔ ተማሪ ያለፈ ደብተሩን ሳገላብጥ ከላይ እስከ ታች በቀይ የተከበቡ ፊደሎች አገኘሁ። አንድም ቦታ ስለ ሐሳቡ የተጻፈ አስተያየት አልነበረም። ልጁ በራሱ መንገድ ብልህ ሆኗል። አጭር ከጻፈ ስህተቱ ያንሳል።

በ1987 ካርል ቤራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ሌላ ልዩነት አሳዩ። ጀማሪ ጸሐፊ የሚያውቀውን ይናገራል። ርእሱን ያያል፣ ትዝ ያለውን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ትዝ ያለውን ይጽፋል፣ ሲያልቅበት ያቆማል። የበሰለ ጸሐፊ ግን እየጻፈ እውቀቱን ይለውጣል። ማለት የፈለገውና ሊያስተላልፈው የሚችለው ሲጋጩበት ቆም ብሎ ያስባል። ያ የልጁ «ባና ጥሩ ነው» የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

የሚያግዱ ሕጎችም አሉ። ማይክ ሮዝ በ1980 10 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አነጋግሮ ነበር። ግማሾቹ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ የሚደርቁ፣ ግማሾቹ የማይደርቁ። የሚደርቁት ሰነፎች አልነበሩም። «የመጀመሪያው አንቀጽ አንባቢውን መያዝ አለበት» የሚል ዓይነት ግትር ሕግ ይዘው ነበር። የማይደርቁትም ሕግ አላቸው፤ ግን ካልሠራ ይተዉታል። እኛ ጋ «መግቢያ ሳይጻፍ ወደ ሐተታ አይኬድም» የሚባለው እንዲሁ ብዙ ልጅ አስሯል። መግቢያ መጨረሻ ላይ ቢጻፍ ማንንም አይጎዳም።

በሰዎች መካከልስ?

ሁለተኛው ወገን ቅሬታውን ጮክ ብሎ ያሰማው በ1980ዎቹ ነው። ፓትሪሺያ ቢዜል በ1982 እነ ፍላወርን በቀጥታ ተቸች። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ብናይ፣ አንዳንድ ተማሪ የማይጽፈው አእምሮው ስለሚያንስ ይመስለናል አለች። እንዲያውም ችግሩ የሚጽፍለት ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚናገር፣ ምን እንደ ማስረጃ እንደሚቆጥር አለማወቁ ሊሆን ይችላል። ዴቪድ ባርቶሎሜ በ1985 ይህንኑ አሰፋው። ተማሪው ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር ዩኒቨርሲቲውን በሐሳቡ መፍጠርና እንደ ቤተኛ መናገር ይጠበቅበታል። ገና ቤተኛ ሳይሆን።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። ባለጉዳዩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ያወራል። ስለ ወሰኑ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ክፋት፣ አንዳንዴም እያለቀሰ። ጸሐፊው አዳምጦ ሲያበቃ «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምራል። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የተጠየቀው ዳኝነት። የግማሽ ሰዓት ወሬ አንድ ገጽ ይሆናል። ባለጉዳዩ ማሰብ ያቃተው ሰው አይደለም። ሕይወቱን ሙሉ በሽምግልና የተከራከረ፣ ነገር አዋቂ ሊሆን ይችላል። የማያውቀው ያንን ቤት ነው።

ካሮሊን ሚለር በ1984 የጻፈችው እዚህ ይገባል። ለእሷ የጽሑፍ ዓይነት ማለት ቅርጽ አይደለም። ተደጋግሞ ለሚመጣ ጉዳይ ሰዎች የለመዱት የድርጊት መንገድ ነው። ማመልከቻ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ የሚነሳው ውበት ስላለው አይደለም። ብዙ ወረቀት የሚያይ ኃላፊ ጉዳዩን በአንድ ዓይን እንዲይዝ ነው። የእድር ቃለ ጉባኤም እንዲሁ ነው። የተገኙ አባላት፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ ፊርማ። ነገ አንዱ «እኔ አልተስማማሁም» ቢል የሚመዘዘው እሱ ነው። ልጅን ቅርጹን ብቻ አስተምራችሁ ምክንያቱን ካልነገራችሁት ለአያቱ ደብዳቤም «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጽፋል። አይቻለሁ።

የዚህ ወገን ሥር ከአሜሪካ ይርቃል። በ1934 ያረፈው የሶቪየት ምሁር ሌቭ ቪጎትስኪ፣ ልጅ ዛሬ ከሌላ ሰው ጋር የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል ብሎ አስተምሯል። ሩሲያዊው አሳቢ ሚካኤል ባክቲን ደግሞ የምንናገረው ቃል ሁሉ ቀድሞ ለተነገረ ነገር መልስ ነው ይላል። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የደብረ ብርሃን ቆርቋሪ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) ጸሐፊ ንጉሥ ነበሩ። «መጽሐፈ ብርሃን» የእሳቸው ነው። ስለ ሰንበት፣ ስለ ጥንቆላ፣ ስለ እመቤታችን ክብር በዘመኑ ክርክር ነበር። መጽሐፉ ለዚያ ክርክር መልስ ነው። ተቃዋሚዎቹን ሳያስቡ ካነበቡት ግማሹ አይገባም።

አንድ ጥናት ደግሞ ለእኛ ፊደል ላለን ሕዝብ ይቀርባል። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል ላይቤሪያ ውስጥ ቫይ የሚባል ሕዝብ አጥንተው በ1981 አሳተሙ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም፣ ማለትም እንደ «ባ» ያለ ድምፅ፣ ይወክላል። ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሰው ይማሩታል፣ በአብዛኛው ደብዳቤ ይጻጻፉበታል። ጥናቱ ፊደል መቁጠር ብቻውን አስተሳሰብን ሁሉ እንደማይለውጥ አሳየ። ሰው የሚጎለብተው ጽሑፉን በሚጠቀምበት ነገር ነው። ደብዳቤ የለመደ ሰው ነገሩን ለማያይ ሰው ማስረዳት ይችላል። ስለዚህ «ልጄ ማንበብና መጻፍ ይችላል» ስንል «ምን መጻፍ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቅኔ ቤት ሁለቱም አሉ

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። ሁለቱን ወገኖች የማይታረቁ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። እኔ አልስማማም። የቅኔ ተማሪን ተመልከቱ። ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ጥግ ይይዛል፣ ወይም ወደ ሜዳ ይወጣል። ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ አዲስ ቅኔ ያወጣል። ሁለት ቤት (መስመር) ብቻ ላላት አጭር የቅኔ ዓይነት፣ ለጉባኤ ቃና እንኳ፣ ሰምና ወርቁን ማጋጠም፣ ቤቱን ማስመታት፣ ቀለሙን መመጠን አለበት። ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት፣ በቃሉ። ይህ የሥራ ትውስታ ነው። ገበታው ሞልቶ እየፈሰሰ ልጁ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ሲያምር ያደንቃል። ጓደኞቹ ይሰማሉ። የትላንቱን ደግሞ ማምጣት አይቻልም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ነው። ምሥጢሩም የሚወጣው ሰሚው ከሚያውቀው ታሪክና መጽሐፍ ነው። ሰሚ ከሌለ ወርቁ አይገኝም። ቆጠራው አንደኛው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ነገራው ሁለተኛው። ማንም ግን «የቱ ነው ትክክሉ?» ብሎ አይጠይቅም።

ፍላወርም ራሷ ኋላ ላይ ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ሠርታለች። ጸሐፊ ከሌሎች ድምፆች ጋር እየተደራደረ ትርጉም ይገነባል የሚል ሐሳብ በ1994 አሳትማለች።

እንግዲህ የቱን እንያዝ?

የእኔ መለያ ቀላል ነው። ልጁ ነገሩን በቃሉ ያወራዋል ወይ? ለማን? እንዴት?

ለጓደኞቹ አሳምሮ እያወራ ወረቀት ላይ የሚደርቅ ከሆነ በአእምሮው መንገድ ጀምሩ። ሸክሙን አቅልሉ። በመጀመሪያው ረቂቅ ፊደል አይታረም በሉት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። መጀመሪያ ለሰው ይናገር፣ ከዚያ ሦስት አራት ቃል ማስታወሻ ይያዝ፣ ከዚያ ይጻፍ። ክለሳን ለሌላ ቀን አቆዩት። ናንሲ ሶመርስ በ1980 እንዳሳየችው ጀማሪዎች መከለስ ሲባሉ ቃል ይቀይራሉ፤ ልምድ ያላቸው ግን ሐሳቡን ራሱን ያፈርሱታል። ስለዚህ «አርም» ከማለት «የቱ ክፍል ነው ገና ያልተናገርከው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ብዙ ይጽፋል፣ ግን ጽሑፉ ቦታውን የሳተ ነው? በማመልከቻ ውስጥ ተረት ያወራል? በድርሰት ውስጥ እንደ ሰባኪ ይገሥጻል? ያኔ ጭንቅላቱን ተዉት። ያ ጽሑፍ የሚኖርበትን ቤት አሳዩት። በአውስትራሊያ የዳበረ አንድ ዘዴ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ መምህሩና ተማሪዎቹ ጥሩ ምሳሌ አብረው ይፈታሉ፤ የቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ያያሉ። ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ አብረው አንድ ይጽፋሉ። ከዚያ ልጁ ብቻውን ይጽፋል። መካከለኛውን ደረጃ አትዝለሉት። የእኛ ክፍሎች ከምሳሌ ወደ ፈተና ዘለው ነው የሚሄዱት፤ ልጆቹ የሚወድቁትም እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ለያዙ ተማሪዎች ምክሬ ያለ ማመንታት ሁለተኛው ነው። እዚህ ደብረ ብርሃንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ያመጡልኛል። በእንግሊዝኛ መጻፉ ከብዷቸው ሰዋስው ሲያጠኑ ይከርማሉ። እስቲ ይልቅ በእናንተ ትምህርት ክፍል የተጻፉ 5 መግቢያዎችን አስቀምጡ። ጆን ስዌልስ በ1990 እንዳሳየው የጥናት መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እርምጃ አለው። መስኩ ለምን እንደሚጠቅም ይናገራል፣ ያልተነካውን ክፍተት ያሳያል፣ ከዚያ «ይህ ጥናት ያንን ይሞላል» ይላል። እነዚህን ሦስት በቀለም አስምሩባቸው። መንገዱ ካልታወቀ ሰዋስው ብቻውን የትም አያደርስም።

ከገጠር መጥተው ከተማ ለሚማሩ ልጆችም መጀመሪያ ሁለተኛውን እመክራለሁ። አቅም አነሳቸው ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ማንም ያላሳያቸውን ቤት ለምን አልገቡም ይባላሉ። የቃል ጥበባቸውን፣ ሽምግልናውን፣ ሥነ ቃሉን ወደ ወረቀት የሚያሻግር ድልድይ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ሁለቱም መንገድ ድክመት አለው። የአእምሮው መንገድ የልጁን ድህነት፣ ቋንቋውን፣ ፍርሃቱን ሊረሳ ይችላል። ጮክ ብሎ እያሰቡ መጻፍም ራሱ አጻጻፉን ይቀይራል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። የማኅበረሰቡ መንገድ ደግሞ ሲበዛ ልጁን ቅርጽ ገልባጭ ያደርገዋል። የቤቱን ሕግ ሲማር የራሱን ድምፅ ጥሎ የሚገባ አለ። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት «ይህ ሕግ ለምን አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ መፍቀድ ነው።

የባናው ልጅስ? ሁለቱንም ሞከርኩ። «ፊደል አላርምም» አልኩት። ለጓደኛው እንደገና እንዲያወራ አደረግሁ፤ ጓደኛው አልገባኝም ባለበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያደርግ ነበር። ከዚያ አንባቢ ሰጠሁት። አዲስ አበባ የሚኖር፣ በጉንም ባናንም በቅርብ ያላየ እኩያው። አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ። ዝናብ ስለመታው ባና የነገራቸው ነገርም ገባ። ፊደሉ አሁንም ተሳስቷል። በሁለተኛው ሳምንት አብረን አረምነው።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን ጮክ ብሎ እንዲያስብ ማድረግ አይቻልም፤ ይገባኛል። እኔ የማደርገው በሳምንት 3 ልጅ መምረጥ ነው። አንድ በአንድ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ለ10 ደቂቃ እየጻፉ ያሰቡትን ይናገራሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ልጁ ዝም ሲል ብቻ «ቀጥል፣ ምን እያሰብክ ነው?» እላለሁ። «ይህ ፊደል የቱ ነበር?» ካለ ችግሩ ሸክሙ ነው። «መምህር ምን እንድል ነው የፈለጉት?» ካለ ደግሞ አንባቢ የለውም። ሁለተኛውን ከምጠብቀው በላይ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ያኔ የትምህርት ዕቅዴን ወደ ጎን ትቼ፣ ለሚቀጥለው ሰኞ አንድ እውነተኛ አንባቢ ፈልጌ አመጣለሁ።